አሸንድዬ እና የላስታ የበዓል ቀኖች

በአገራችን በዓል የሌለው አካባቢ የለም። አንዱ በመስከረም ይደሰታል፤ ሌላው በጥር፤ ሌላው በነሐሴ። የበዓሉ ስም ይለያያል። ዘፈኑም፣ የሚበላውም፣ የሚለበሰውም ይለያያል። በዚህ ምንባብ በላስታ ስላየናቸው ሁለት በዓሎች እናወራለን። አንደኛው በነሐሴ የሚውለው አሸንድዬ ነው። ሁለተኛው ታኅሣሥ 29 ቀን ላሊበላ ላይ የሚከበረው ገና ነው። ከሌላ አገር የመጣን ልጆች ስለየአገራችን በዓል የተጫወትነውንም እንጨምርበታለን።

እኛ ማን ነን? እኛ ፊደል ለማስተማር ከዩኒቨርሲቲ ወደ ላስታ ተመድበን የመጣን ተማሪዎች ነን። ስድስት ነበርን። ቀን ከገበሬው ጋር እንውላለን፤ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል እናስቆጥራለን። ይህን ምንባብ የምታነቡ ሁሉ ስለራሳችሁ በዓል ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ። ቢሆንም የራስን ነገር በጽሑፍ ማግኘት ሌላ ደስታ አለውና ታገሡን።

መጀመሪያ ስለ ነሐሴ እንናገር። ላስታ ደጋ ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በነሐሴ ደመናው ከተራራው ወርዶ ጎጆ ውስጥ የሚገባ ይመስላል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጎተራው ሊያልቅ ተቃርቧል፤ አዲሱ ገብስ ገና ማሳ ላይ ነው። ገበሬ ይህን ወር እንዴት እንደሚያሳልፈው ለእናንተ አይነገርም። በዚያ ላይ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን የፍልሰታ ጾም ነው። ፍልሰታን ሕፃናት እንኳ ይጾሙታል።

እንግዲህ ልጃገረዶች የሚጨፍሩት ይህ ሁሉ ባለበት ወር ነው። ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ሲፈታ አሸንድዬ ይገባል። እስከ ነሐሴ 21 ቀንም ይቆያል።

አሸንድዬ ማለት ምን ማለት ነው? አሸንዳ ረዥም ቅጠል ያለው ለምለም ሣር ነው። ልጃገረዶቹ ሣሩን አጭደው ያመጣሉ፤ ያያይዙትና በወገባቸው ዙሪያ ያስሩታል። ሲጨፍሩ ሣሩ ከቀሚሱ ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል። በዓሉ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሣር ነው። ይኸው በዓል በዋግ ኽምራ ሻደይ ይባላል። በራያ ቆቦ ሶለል ነው። በትግራይ አሸንዳ ይሉታል፤ አክሱም ላይ ደግሞ ዓይኒ ዋሪ። ስሙ ይለያይ እንጂ ወሩም፣ ተጫዋቾቹም ልጃገረዶች መሆናቸው አንድ ነው።

ስለ አመጣጡ ሽማግሌዎችን ጠይቀን ነበር። ከፊሎቹ የእመቤታችንን ዕርገት ለማሰብ የተጀመረ ነው አሉን። ሌሎቹ ደግሞ የጥፋት ውኃ ጎድሎ ርግቢቱ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ ከመጣችበት ቀን ጋር ያገናኙታል። ሁለቱንም ጻፍን።

ዝግጅቱ የሚጀመረው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ነው። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ይሠራራሉ። ኩል ይኳላሉ። ጥልፍ ቀሚስ ያላት ጥልፏን አጥባ ታሰጣለች፤ የሌላት ከአክስቷ ወይም ከጎረቤት ትዋሳለች። ድሪውም፣ አምባሩም፣ አልቦውም እንደዚያው ነው። የእናት ጌጥ ከሣጥን የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። አሁን ከተማ አካባቢ አዲስ ቀሚስ ካልተገዛልኝ አልወጣም የምትል ልጅ አትጠፋም። እኛ ይህን አልወደድነውም። በተዋሰችው ቀሚስ ከሁሉ አስበልጣ የጨፈረች ልጅ በዓይናችን አይተናል።

የደስታቸው ምክንያት ግን ጌጡ ብቻ አይደለም። የገጠር ልጃገረድ በሌላው ቀን እንዴት ትውላለች? ጎሕ ሳይቀድ ውኃ ትቀዳለች። ኩበት ትለቅማለች። ትፈጫለች። ታናሽ ወንድሟን አዝላ ከብት ትመልሳለች። ስሟ ሲጠራ «አቤት» ትላለች እንጂ እሷ ማንንም አትጠራም። በአሸንድዬ ቀን ግን ማንም አያዛትም። ውኃውን እናት ራሷ ትቀዳለች፤ ወይም ወንዱ ልጅ እየተነጫነጨ ይቀዳል። (አንዱ ልጅ እንስራውን በትከሻው ይዞ ሲሄድ ልጃገረዶቹ ዘፈን አወጡለት። ከዚያ በኋላ መንገድ ቀይሮ ነበር የሚሄደው።)

መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ከዚያ በየቤቱ ይዞራሉ። አንዷ ታወርዳለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውራጅ የምትሆነው ድምፀ መልካሟ ብቻ አይደለችም። ግጥሙን የምታውቅ፣ ሰውየውን ባየች ጊዜ የሚስማማውን ቃል ቶሎ የምታመጣ መሆን አለባት። ደግ አባወራን ያወድሱታል። ቆንቋናውን ይሸነቁጡታል። የተሸነቆጠው ሰው ቢናደድም መሳቅ አለበት፤ በዚያን ቀን ልጃገረድን መቆጣት ነውር ነው።

አንድ ሽማግሌ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። እኛ ራቅ ብለን እየተከተልን ነበር። ልጃገረዶቹ ደጁ ላይ ሆነው ዘፈኑ። ሽማግሌው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ቶሎም አልተመለሱ። በኋላ በቅል አንድ እፍኝ ባቄላ ይዘው ወጡና «ልጆቼ፣ የዘንድሮው ይኸው ነው» አሉ። ቀደም ብሎ አንድ ነጋዴ ቤት ገንዘብ ተቀብለዋል። አውራጇ ልጅ ለነጋዴው ያወረደችውን ያህል ለእኚህ ሽማግሌም አወረደችላቸው፤ እንዲያውም አስረዘመችው። ሽማግሌው የበሩን መቃን ይዘው እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። የሰበሰቡትን እህል በመጨረሻው ቀን አንድ ላይ ቀቅለው በሉት። ባቄላውም ከውስጡ ነበረ።

አሁን ወደ ገና እንሻገር። ገና በላስታ ሁለት ነገር ነው። ክርስቶስ የተወለደበት ቀን ነው። ንጉሥ ላሊበላም የተወለደው በዚሁ በታኅሣሥ 29 ቀን ነው ተብሎ ይታመናል። ላሊበላ ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ ነው። ከተማዋ ቀድሞ ሮሃ ትባል ነበር፤ አሁን የምትጠራው በእሱ ስም ነው። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፈዋል። ዩኔስኮ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ነው። በዓለም ላይ መጠበቅ ያለባቸውን ቅርሶች ይመዘግባል።

እኛ ግን ከዐለቱ ይልቅ መንገዱን ነው የምናስታውሰው። በዓሉ ሲቃረብ መንገዱ ሁሉ ነጭ ይለብሳል። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከዋግ፣ ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል። ብዙው በእግሩ ነው፤ ባዶ እግሩን የሚሄደውም ብዙ ነው። ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። አንዲት አሮጊት ስንት ቀን ተጓዙ ብለን ብንጠይቃቸው «ስቆጥር ሰነፍኩ፤ መቁጠሩን ተውኩት» አሉን።

የላሊበላ ሰው እንግዳውን የሚቀበለው እግሩን በማጠብ ነው። ገንዳ ይቀርባል፤ ውኃ ይሞቃል። ባለቤቲቱ ተንበርክካ የማታውቀውን ሰው እግር ታጥባለች። የተሰነጠቀውን ተረከዝ፣ እሾህ የገባበትን ጣት በእጇ ይዛ ታያለች። ከዚያ ያለው ይቀርባል፤ የገብስ እንጀራም ሆነ ንፍሮ። እንግዳው ምን ይከፍላል? ምርቃት ብቻ። ከእኛ አንዱ የከተማ ልጅ ይህን ሲያይ ቆየና ጫማውን አውልቆ እሱም ውኃ ማመላለስ ጀመረ። ውኃው ከሩቅ የሚቀዳ መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ይቆማል። ሲነጋ ሕዝቡ ወደ ቤተ ማርያም ይጎርፋል። ቤተ ማርያም ከመሬት በታች በተቆፈረ ሰፊ ግቢ ውስጥ የቆመች ናት። በዙሪያዋ ያለው የዐለት ግድግዳ ማሜ ጋራ ይባላል። ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ከፊሎቹ ከላይ ግድግዳው ጫፍ ላይ ይሰለፋሉ፤ ከፊሎቹ ከታች ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የሰዎች ምሳሌ ናቸው። ቤዛ ኩሉ የሚባለውን መዝሙር እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ጸናጽሉ ከላይ ይሰማል፤ ከታች ይመለሳል። ከበሮው በዐለቱ ውስጥ ሲመታ ደረት ውስጥ ይገባል። ከእኛ መካከል የእስልምና ተከታይ የሆነች ልጅ ነበረች። ከሁላችን ቀድማ ጥሩ ቦታ የያዘችው እሷ ነበረች፤ «እናንተ እንቅልፋሞች» እያለች እስከ ዛሬ ትሥቅብናለች።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው የጎረምሶች ነው። የገና ጨዋታ ይጀመራል። ጫፉ ቆልመም ያለው ዱላ ራሱ ገና ይባላል፤ የሚመታው ድቡልቡል ደግሞ ሩር ነው። በዚህ ጨዋታ ጌታና ሎሌ የለም። የተመታ ሰው ያሻል እንጂ አይከስም።

በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ሥራ ስላልነበረን እሳት ዳር ተቀምጠን ስለየአገራችን በዓል እንጫወት ነበር። የጉራጌው ልጅ ስለ መስቀል ጀመረ፤ ጀምሮም አላቆመ። እንደ እሱ አነጋገር ጉራጌ አገር ዓመቱ የሚቆጠረው በመስቀል ነው። ለንግድም ለሥራም አዲስ አበባ የገባው ሁሉ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ወንዶቹ ለበሬው መግዣ ገንዘብ ሲያስቀምጡ ይከርማሉ። ሴቶቹ ደግሞ እንደ ዕቁብ አድርገው ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ በየተራ አንዷ ቤት ይደርሳል። ክትፎው በአንድ ቀን ይበላል፤ ቅቤው ግን የዓመት ቁጠባ ነው። ይህን ሲነግራቸው የቤታችን ባለቤት ጋቢያቸውን ሰብስበው ጠጋ አሉ። «ቅቤውን እንዴት አድርገው ነው ሳይበላሽ የሚያቆዩት?» አሉ። ጨዋታው ወደ ቅቤ አነጣጠር ሄደ፤ ሌሊቱም ተጋመሰ።

የሐረሯ ልጅ ስለ ሹዋሊድ አጫወተችን። ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር ስድስት ቀን ይጾማል። ያ ጾም ሲያልቅ ሐረሪዎች ሦስት ቀን በዚክርና በዜማ ያከብራሉ። ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ተጽፏል። የሲዳማው ልጅ ደግሞ ስለ ፍቼ ጨምበላላ ነገረን። ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱ አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው። እሱም በ2008 ዓ.ም. ተመዝግቧል። መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. ተመዝግበዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሕንፃዎች አይደሉም። ሰው ካልዘፈናቸው፣ ካልዘመራቸው፣ ካላበሰላቸው የሉም።

በዓል ሁልጊዜ በደስታ አይውልም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን በመታ ጊዜ ብዙ ሰው ከቀዬው ወጥቶ አልተመለሰም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ። የዚያ ዓመት የአሸንድዬ ቀኖች በጦርነት ውስጥ ዋሉ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ከውጊያው ወጣች፤ በዚያው ወር 29 ቀን ገና ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተከበረ። ሰው ሲቸገር በዓሉን የሚተወው ይመስለን ነበር። ላስታ ላይ ያገኘናቸው እናቶች ግን ክፉ ዓመትን የሚያስታውሱት «አሸንድዬ ያልተዘፈነበት ዓመት» እያሉ ነው።

ስለ እናቶች ከተነሣ አንድ ነገር ቀርቶናል። በማታው ትምህርት ቤታችን ሴቶች አርፍደው ነበር የሚመጡት፤ ልጅ አስተኝተው፣ ሊጥ አቡክተው። ከእነሱ አንዷ ፊደል ቶሎ የያዙ ነበሩ። አንድ ቀን የምታውቁትን ማንኛውንም ነገር ጻፉ አልን። ወንዶቹ የበሬያቸውን ስምና የመሬታቸውን ስም ጻፉ። እኚህ እናት ግን እርሳሱን ይዘው ቆዩና «ልጆች፣ ዘፈን ይጻፋል?» አሉን።

«እንዴታ፣ እትዬ! ይጻፋል» አልናቸው።

በመጀመሪያው መስመር «አሸንድዬ» ብለው ጻፉ። አምስት ፊደል ነው፤ አ፣ ሸ፣ ን፣ ድ፣ ዬ። ሸ አስቸገረቻቸው፤ ከላይ ያለውን ሰረዝ ይረሱታል። ለካ በልጅነታቸው የመንደሩ አውራጅ ነበሩ። ከዚያ ማታ በኋላ በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር ይጨምራሉ። አንድ ጎረቤታቸው «እሱን ማን ያጣዋል? በየዓመቱ ይዘፈን የለም ወይ?» ብሎ ቀለደ። እሳቸውም «የእናቴን ዘፈን ታውቀዋለህ?» አሉት። ዝም አለ። «እኔም ግማሹን አላውቀው። ስትሞት ይዛው ሄደች» አሉ።

አሸንድዬ የልጃገረዶች ነው። ያገባች ሴት ከአጥር ወዲያ ሆና ታያለች እንጂ አትገባበትም። እኚህ እናት በነሐሴ አወረዱ፤ በጥር ተዳሩ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 13 ነበር። በተከታዩ ነሐሴ እኩዮቻቸው ደጃቸው መጥተው ሲዘፍኑ እሳቸው የቤት እመቤት ሆነው እህል ሰፍረው ወጡ። «የሰፈርኩበትን ቁና እስከ ዛሬ አልወደውም» ብለውናል።

አሁን ደግሞ ሴት ልጃቸው 12 ዓመት ሞላት። በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ተላከ። የልጁ ቤተሰብ ደህና ሰዎች ናቸው፤ ጥማድ በሬ አላቸው። አባትየው ልቡ ሸፍቷል። እሱም የእኛው ተማሪ ነበር፤ ከኋላ ከመደቡ ጫፍ ነው የሚቀመጠው። ሚስቱ «ልጄ አሸንድዬዋን አልጨረሰችም» አሉት። «አሸንድዬ ያበላታል እንዴ?» አላቸው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ሳይሞላው እንዳያገባ ይከለክላል። በአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ ይላል። ይህን አስተምረናል። ሕግ መንገር አንድ ነገር ነው፤ ጥማድ በሬ ያለው አማች ደጅ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ማታ ግን የሒሳብ ትምህርት ነበረን፤ መቀነስ ላይ ደርሰናል። እናትየው ተነሥተው ጥቁር ሰሌዳው ላይ 18 ጻፉ። ከሥሩ 12 ጻፉ። አሰመሩ። መልሱን ግን አልጻፉም፤ ጠመኔውን ይዘው ወደ መደቡ ጫፍ ሄዱና ለባላቸው ሰጡት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰውየው ቀስ ብሎ መጣ፤ 6 ብሎ ጻፈ።

«ስድስት አሸንድዬ» አሉ እናትየው።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ «ከስድስት አሸንድዬ በኋላ ኑ» ተባሉ። ቅር ብሏቸው ሄዱ። ጎረቤት አወራ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ተባለ። እኛ ከላስታ ስንወጣ ልጅቱ ከስድስቱ ገና አንዱን ነበር የተጫወተችው። በዚያ ዓመት አውራጅ አልሆነችም፤ ተቀባይ ነበረች። እናቷ ከአጥር ወዲያ ደብተራቸውን ይዘው ቆመው አንድ ግጥም ስትዘል «ኧረ አንዱን ረሳሽው!» ብለው ጮኹባት።

ለውይይት፦ በመንደራችሁ አውራጅ የነበረች ሴት ማን ናት? ከምታውቀው ዘፈን ስንቱ ተጽፏል? ከመካከላችሁ የሚጽፍላትስ ማነው? ቤታችሁ ውስጥ ሴት ልጅ ካለች ዕድሜዋን ከ18 ቀንሱና መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።